በጉም ውስጥ «ሃኒ» የሚል ጥሪ

የመጀመሪያው ቀን

አንዲት ቃል ለመተርጎም ብዬ አገር አቋርጬ ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አዳማ ተወልጄ፣ አዳማ አስተምሬ፣ እዚያው ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ጎጃምን የማውቀው ክፍል ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ካርታ ነበር።

ያስነሳኝ የስመኝ ስልክ ነው። ስመኝ አዳማ ነርስነት ስትማር ሦስት ዓመት ቤቴ ተከራይታ የኖረች፣ እንደ ልጄ የማያት ሴት ናት። አሁን እንጅባራ ትሠራለች። አባቷ አቶ ፈንታ ከሞቱ አሥር ወር ሆኗቸዋል።

«ቲቸር፣ እናቴ እኔን አላምን አለችኝ» አለች። «መጥተው ‹ሃኒ› ማለት ምን እንደሆነ ይንገሩልኝ።»

ሳቄ መጣ። «ለዚህ ብለሽ ነው? በስልክ ልንገራቸው።»

እሷ ግን አልሳቀችም። አባቷ ሊሞቱ ሲሉ «ሃኒ፣ ሃኒ» እያሉ ተጣሩ። እንጅባራ ውስጥ ደግሞ ሃኒ የምትባል፣ ምግብ ቤት ያላት ሴት አለች፤ አቶ ፈንታ ገበያ ሲወጡ እሷ ዘንድ ይበሉ ነበር። እናትየው ነገሩን ከዚህ ጋር አገናኙት። «ስሟን የጠራት ታውጣለት» ብለው ተዝካሩን እምቢ አሉ። የሙት ዓመቱ ሁለት ወር ቀርቶታል።

«ሌላም ነገር አለ» አለች ስመኝ። «እሱን ግን በስልክ አልነግርዎትም።»

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። ዓባይ በረሃን ስንወርድ ሙቀቱ የአዳማን ስላስታወሰኝ ደስ አለኝ፤ ደጀን ስንወጣ ግን ሹራቤን ደረብኩ፣ ደብረ ማርቆስ ምሳ በልተን ስንነሳ ደግሞ ጋቢዬን። ቡሬ ላይ አንዲት ጥሊሊ ወራጅ የሆኑ ሴት አጠገቤ ተቀመጡ። የዘር ድንች በማዳበሪያ ይዘው፣ ግማሹን እግራቸው ሥር፣ ግማሹን እኔ እግር ሥር አደረጉት።

ከቡሬ ወዲያ ጉም ወረደብን። አዳማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብናይ የእሳት ቃጠሎ ነው ብለን ባልዲ ይዘን እንሮጣለን። ሹፌሩ መንገዱ ስለጠፋበት ዳር ይዞ ቆመ። መስኮቱ ላይ ከነጭ በቀር የሚታይ የለም። ያኔ ከውጭ፣ ቅርብ ሆኖ፣ አንድ ድምፅ «እትዬ!» አለ።

«አቤት!» ልል አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ጉልበቴን ጨመቁኝ።

«አይበሉ! በጉም የጠራን ባንዴ አቤት አይሉትም። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ሁለቴ ብሎ ይተወዋል። ዝም ማለትዎ በጀዎት ማለት ነው።»

ድምፁ አንድ ጊዜ ደገመና ዝም አለ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ጎን የቆመ ሰው አላየሁም። የመንገድ ቆሎ ሻጭ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሴትዮዋ ጥሊሊ ሲወርዱ አምስት ድንች መረጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከዚያ የሆነውን ለመናገር አፍራለሁ። ረዳቱ «ቆሰበር! ቆሰበር ወራጅ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰው ወረደ፣ እኔ እንጅባራ እስኪል ጋቢዬን ተከናንቤ ጠበቅኩ። ቆየት ብዬ «እንጅባራ ገና ነው ወይ?» ስል መኪናው ሙሉ ሳቀ። ቆሰበር ማለት እንጅባራ ነው፤ የቀድሞ ስሟ ነው፣ ያገሩ ሰው አሁንም በሱ ይጠራታል። አርባ ዓመት ለሰው ልጅ አንድ ነገር ሁለት ስም ይኖረዋል ብዬ ሳስተምር ኖሬ፣ እኔው ወደቅኩበት።

ዳንግላ ወረድኩ። ለስመኝ ደውዬ «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አልኳት። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን የሰማ አንድ ተሳፋሪ «እንግዲያማ አቶ ሰይድ ዘንድ ይሂዱ፤ ፈረንጅ አፍ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው፣ እንግዳም ይወዳሉ» ብሎ ጋሪ ላይ አወጣኝ። ጋሪ ስናይ እኛ የአዳማ ልጆች አገራችን የገባን ይመስለናል። ልዩነቱ፣ የኛ ፈረሶች በሙቀት ያንቀላፋሉ፤ የዳንግላው ፈረስ አፍንጫው እየጨሰ፣ ነጂውን ሳይጠብቅ ራሱ ይቸኩላል።

አቶ ሰይድ ጨርቅና የቤት ዕቃ የሚሸጡ፣ ሰባ ዓመት የዘለሉ ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ፋጡማ የሱቁን በር እየዘጉ ነበር፤ ጉዳዬን ተናግሬ ሳልጨርስ አልጋ አነጠፉልኝ። «ሥጋ የኛ ነው፣ እርስዎ አይበሉም» ብለው እንቁላል ጠበሱልኝ፣ ቅርንፉድ ያለው ሻይ ደጋግመው ቀዱልኝ። ድካሜን አይተው ምንም ሳይጠይቁ አስተኙኝ።

ሁለተኛው ቀን

ቁርስ ላይ አቶ ሰይድ «ለመሆኑ ማን ዘንድ ነው የሚሄዱት?» አሉኝ።

«ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ። የሟቹ የአቶ ፈንታ ቤት።»

ዳቦውን ከአፋቸው መለሱት። «ፈንታ ሞተ?»

የሳቸው ወዳጅ ኖረዋል። በወጣትነታቸው እንጅባራ ዳር ከሚኖሩ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ቤት አብረው ሠርተዋል፤ ባልና ሚስት የከብት ሐኪሞች ነበሩ አሉ። ሰይድ ወጥ ቤት፣ ፈንታ ዘበኛ። ስለ «ሃኒ» ስነግራቸው ወይዘሮ ፋጡማን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የሻይ ብርጭቆውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

«የዚያ ጥፋት የኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሴትዮዋ ዓይናቸው እየጠፋ ነበር። ግድግዳውን በእጃቸው ይይዙና ‹ሃኒ?› ብለው ይጣራሉ። ሽማግሌው ከጓዳም ቢሆን፣ ከበረትም ቢሆን ‹እዚህ ነኝ› ይላሉ። መልስ እስኪያገኙ አንድ እርምጃ አይራመዱም ነበር። ሰውየው ርቀው ከሄዱ፣ ሴትዮዋ በቆሙበት ይቆማሉ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ እንደዚያው ቆመው አገኘኋቸው። እግራቸው አብጦ።»

«እና አቶ ፈንታስ?»

«ፈንታ ያን እያየ ይጨነቅ ነበር። ‹ሰይድ፣ ሃኒ የማን ስም ነው?› አለኝ። እኔም ያኔ እንግሊዝኛዬ የወጥ ቤት ነው። ‹ስም አይደለም፤ ባልየውም ሚስቱን እንደዚያ ይላታል። አለህ ወይ፣ አለሽ ወይ ማለት ነው› አልኩት። ማር ማለት መሆኑን ያወቅኩ እሱ ሥራ ለቆ ከሄደ በኋላ ነው። አላረምኩለትም። ከኔ የወሰደውን ትርጉም ይዞ ሄደ።»

አስተማሪ ነኝና ስህተቱን ላርም ቃጣኝ። ግን ምኑን አርማለሁ? መዝገበ ቃላት ማር ይላል፣ ፍቅረኛም ይላል። ያቺ ዓይነ ስውር ሴት ግን በየቀኑ ያለችው ሰይድ እንዳሉት ነው።

ሚኒባስ ይዤ ወደ እንጅባራ ተመለስኩ። ስመኝ መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ስታቅፈኝ የአንገቷ አጥንት ደረቴን ወጋኝ፣ ያን ያህል ከስታለች። ወደ ገጠሩ የሚያስገባውን መንገድ በባጃጅ ያዝን። በግራ በቀኝ የከሰል እንጨት ተተክሏል፣ ከዚያ ወዲያ ቀርቀሃ ነው። የቤቱ አጥር ቀርቀሃ፣ በሩ ቀርቀሃ፣ ወንበሩ ሳይቀር ቀርቀሃ ነው። ባጃጁ አንድ ጥግ ላይ ቆመ።

«ከዚህ ወዲያ በእግራችሁ ግቡ» አለ ሹፌሩ፣ ጎልማሳ ሰው ነው።

«መንገዱ እኮ ደረቅ ነው» አልኩት።

«መንገዱስ ደረቅ ነው። ጉም ሳይወርድ ልመለስ ብዬ ነው።» ስመኝን ዓይኗን ሳያይ ባጃጁን አዞረ።

ስመኝ ሻንጣዬን ይዛ እየሄደች ነገረችኝ። አባቷ ከተቀበሩ ከአርባ ቀን ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ከአጥሩ ውጭ፣ ከቀርቀሃው ዘንድ፣ አንድ ድምፅ «ሃኒ?» ይላል። ሁለት ጊዜ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አንዳንዱ መንገድ ቀይሯል። ቄስ መጥተው ጠበል ረጭተዋል፤ እሳቸው ሲረጩ ጉም አልነበረም።

«አንቺስ ሰምተሻል?»

«የአባቴ ድምፅ ነው፣ ቲቸር።»

እናትየው እትዬ አንጓች ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል። ከጎረቤት ጋር በአዊኛ እየተነጋገሩ ቆይተው ወደኔ ሲዞሩ አማርኛቸው ጥርት አለ። እግሬን ካላጠብኩ አሉ። እኛ ዘንድ ይህ ቀርቷል፤ እንግዳ እጁን በቧንቧ ታጥቦ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። እኔ አይሆንም ስል እሳቸው ይሆናል ሲሉ፣ የሞቀው ውሃ ቀዝቅዞ እንደገና ተሞቀ። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ የገብስ ዳቦ፣ እርጎ ቀረበ። የትናንቷ ሴት የሰጡኝን አምስት ድንች ብሰጣቸው አገላብጠው አይተው «የጥሊሊ ነው፤ የኛ ይሻላል» አሉ። ያኔ ብቻ ነው ፈገግ ያሉት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብርሃኑ ነጣ። ጉሙ ከሐይቁ በኩል ተነሥቶ ቀርቀሃውን ዋጠ፣ አጥሩን ዋጠ፣ ደጁ መሐል ያለው ቀፎ ብቻ ቀረ። ቅድም ስገባ እኔን ሊበላ የደረሰው የአቶ ፈንታ ውሻ ብድግ አለ።

«ሃኒ?»

የሽማግሌ ድምፅ ነው። አልጮኸም። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ሆኖ በሚቀጥለው ክፍል ያለን ሰው የሚጠራበት ልክ ነው። መጨረሻው ከፍ ይላል፤ ጥያቄ ነው። አርባ ዓመት የተማሪ ንባብ የሰማ ጆሮዬ ይህን አይስትም።

«ሃኒ?»

ውሻው አልጮኸም። ጆሮውን ጥሎ ወደ ጉሙ ጭራውን ይቆላል። እኔ የያዝኩት የእርጎ ዋንጫ ጭኔ ላይ ፈሶ ኖሯል፤ ቅዝቃዜው የተሰማኝ በኋላ ነው። እትዬ አንጓች ግን የጥጥ መዳመጫ ብረታቸውን እንደያዙ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ መሬት መሬት ያያሉ። ጉሙ እስኪገለጥ ቀና አላሉም።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ስመኝ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ለብቻችን ቀረን። ሥራዬን ጀመርኩ።

«እትዬ አንጓች፣ ሃኒ የሴት ስምም ይሆናል። በእንግሊዝኛ ግን ማር ማለት ነው። የሚወዱትን ሰው እንደዚያ ይሉታል። እኛም ‹ማሬ› እንል የለም?»

«ልጄም እንዲሁ አለችኝ» አሉ። «ማር ቢያምረው ቀፎው እደጅ አይደል? ማሬ ማለቱ ነው እንዳልል ደግሞ፣ ፈንታ ሠላሳ ስምንት ዓመት ‹አንች› ነው ያለኝ። ሊሞት ሲል ነው ማሬ የምሆነው? አይሸንግሉኝ።»

እውነታቸውን ነው። ትክክለኛው ትርጉም እዚህ ቤት አልገባም። ያን ጊዜ የአቶ ሰይድን ነገር ሁሉ አወራኋቸው። ስለ ፈረንጆቹ ሰምተው ያውቃሉ፤ ስለ ሴትዮዋ ዓይን ግን አልሰሙም። ግድግዳውን ይዘው እንደሚጣሩ፣ መልስ ካላገኙ እንደማይራመዱ ስነግራቸው፣ ሲዳምጡት የነበረውን ጥጥ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ዓይናቸው ጠፍቶ ነው የሚጣሩት?»

«አዎ።»

«እሱም እኮ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር» አሉ። «የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀን ምንም አያይም ነበር። ለስመኝ አልነገርኳትም፣ ከሥራ ሳትመጣ ነው ያረፈው።»

በጣታቸው ወደ በሩ አመለከቱ። እኔም ቀጥሎ የሚመጣውን ፈራሁት።

«እዚች በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ውሃ በጣሳ ይዤ። ‹ሃኒ?› አለ። ሌላ ሴት ጠራ አልኩ። ደገመ። እጁን እንዲህ ግድግዳው ላይ አድርጎ ይዳስሳል። ሦስተኛ ጠራ። ሦስቴ ጠራኝ! ‹አለሁ፣ ውሃ ይዣለሁ› ብል ምን ነበር? በቅናት አፌን ዘጋሁበት። ቤት ውስጥ ሰው የለም ብሎ ሞተ። ማንም የለም ብሎ ነው የሞተው፣ መምህርት።»

ማጽናናት ሥራዬ አይደለም፣ አላውቅበትም። አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ። ስመኝ ከነውሃዋ በር ላይ ቆማ ኖራ ሰምታለች። እንስራውን አውርዳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ስትቆጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም፤ የናቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ አለቀሰች።

ቀኑን በሥራ ገፋነው። ገብስ አብረን ለቀምን። እትዬ አንጓች ደጋግመው ሰማዩን ያያሉ። ትናንት በፍርሃት ነበር የሚያዩት፤ ዛሬ ግን እንግዳ የሚጠብቅ ሰው መንገድ እንደሚያይ ነው። ጎረቤት አንዲት ሴት ብቅ ብለው ለድምፁ ሊመልሱለት ማሰባቸውን ሲሰሙ አማተቡ።

«አንጓች፣ በጉም የጠራን ይመልሱለታል? ይዞሽ ይሄዳል!»

«ይውሰደኝ» አሉ እትዬ አንጓች። «ይልቅ አንች ቤትሽ ግቢ፣ ሊወርድ ነው።»

ጉሙ ከትናንቱ ዘግይቶ፣ ግን ወፍሮ መጣ። ስመኝ ክንዴን ያዘች። እትዬ አንጓች ጥቁሩን ነጠላ አውልቀው ነጩን ለበሱ፣ ጣሳ ውሃ ሞሉ፣ በሩ ላይ ቆሙ። ቀፎው ጠፋ። ውሻው ተነሣ።

«ሃኒ?»

ሁለተኛውን አልጠበቁም።

«አቤት!» አሉ። ድምፃቸው ተሰነጠቀና ተስተካከለ። «አለሁ! እዚህ ነኝ፣ ፈንታ። ውሃም ይዣለሁ።»

ጸጥ አለ። ቀርቀሃው እንኳ አልተንኳኳም። ከዚያ ውሻው ወደ አጥሩ ሄደ፣ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፣ ቆይቶ ተመለሰ። ሲመለስ አካሄዱ ሌላ ነበር። የደከመ ሰው ጎን የሚሄድ ውሻ እንደሚያደርገው፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ ያያል፣ እንደገና ሁለት እርምጃ ይሄዳል። እንዲህ እያለ በሩ ድረስ መጣ።

እትዬ አንጓች ለሚገባ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው ከደፉ ላይ ገለል አሉ። እኔም ሳላስበው እግሬን ሰበሰብኩ። ፊቴ ላይ እርጥብ የቀርቀሃ ሽታ አለፈ። ውሻው ደፉ ላይ ተኛና አገጩን መዳፉ ላይ ጣለ።

አራተኛው ቀን

አንባቢ መጨረሻውን ይጠይቃልና ልናገር። ድምፁ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሰማም። ተዝካሩ በጊዜው ወጣ፤ ስመኝ እንደነገረችኝ ያቺ ምግብ ቤት ያላት ሃኒ ሁለት ሌማት እንጀራ ተሸክማ መጥታ፣ እትዬ አንጓች ከበር ወጥተው ተቀብለዋታል። አቶ ሰይድም ከዳንግላ ድረስ መጥተው ነበር። ባጃጆቹ እስከ አጥሩ ይገባሉ። ስመኝ በነርስነቷ የሰማነውን ድምፅ የጭንቀት ነገር ነው ትላለች፤ ውሻውን ግን እሷም አይታዋለች፣ እሱን በምን እንደምታስረዳው አላውቅም። እኔም አዳማ ተመልሼ፣ ሙቀቱ ውስጥ፣ የሆነውን ለጎረቤት ሳወራ ይስቁብኛል። አልፈርድባቸውም።

የመጣሁበትን መንገድ ስለመመለሴ ብዙ የምለው የለም። በረሃው ያው፣ ድካሙ ያው ነው፤ ቆሰበርን ግን በስሟ ጠርቼ ነው የተሳፈርኩት። አሁን የምጽፈው ከቤቱ የወጣንበትን ጠዋት ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሻንጣዬን ዘግቼ ስነሣ እትዬ አንጓች የጠርሙስ ማር በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ፊታቸው በአንድ ሌሊት ሥጋ ያወጣ መሰለ። ወደ ውስጥ፣ የአቶ ፈንታ አልጋ ወዳለበት ጥግ አየሁ። አልጋው ላይ ነጭ ጋቢ ተነጥፏል። ከራስጌው ጣሳው ተቀምጧል፤ ውሃው ጎድሏል። እትዬ አንጓች ጠጥተውት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

አመሰግናለሁ ብዬ ልሰናበት ድምፄን ከፍ ሳደርግ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በሩን ቀስ አድርገው ገጠሙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ቀስ ይበሉ፣ መምህርት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

ስመኝና እኔ ተያየን። ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ በጤዛው ላይ በእግር ጣታችን እየተራመድን፣ አጥሩን እስክናልፍ አንድ ቃል አልተነፈስንም።